ጣሪያው ሲሽከረከር፦ ማዞርና ፊዚዮቴራፒ

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል]

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማዞር ነው። ማዞር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ወደ ክኒንና ወደ መርፌ እናስባለን። እኔ ግን የማወራችሁ አልጋና የሠለጠኑ ሁለት እጆች ብቻ ስለሚያድኑት የማዞር ዓይነት ነው። ቀጥሎም ማዞር የያዘው ሰው ከመተኛት ይልቅ በመንቀሳቀስ እንዴት እንደሚሻለው እነግራችኋለሁ። ይህን ሕክምና የሚሰጡት ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው። ፊዚዮቴራፒ ማለት ወገብ ማሸት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ትንሽ አብሮን ይቆይ።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንዲት እናት በሐሳባችን እናምጣ። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። ሌሊት ከግራ ጎናቸው ወደ ቀኝ ሲገላበጡ ድንገት የጎጆው ጣሪያ ይሽከረከርባቸዋል። የተኙበትን ጨብጠው ይይዛሉ፤ ያጥወለውላቸዋል፤ የሚወድቁ ይመስላቸዋል፤ ከተኙበት የት ይወደቃል? አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይተዋቸዋል። ጠዋት ሊነሱ ሲሉ ይመጣል። ቀን ላይ ከላይ የተሰቀለ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲሉ፣ ወይም እሳት ለማያያዝ ጎንበስ ሲሉ ይመለሳል። ዝም ብለው ከተቀመጡ ግን ምንም የለም። ጆሯቸው አልደነቆረም፤ አልጮኸም፤ ትኩሳት የላቸውም፤ አፋቸው አልተሳሰረም።

እኚህ እናት እዚህ ጋምቤላ፣ ማታር ከተማ ላይ ምን ይባላሉ? መጀመሪያ «ወባ ነው» ይባላሉ። ይህ መጥፎ ግምት አይደለም። በጋምቤላ ቆላ ምድር ትኩሳትና ማዞር አብረው ከመጡ ወባን መመርመር ግዴታ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ። ወባ ከተገኘ ደግሞ መድኃኒቱን ጨርሱ፤ ኮአርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ራሴን ቀለል አለኝ ብሎ መሐል ላይ ማቋረጥ የለም። ነገር ግን ደሙ ተመርምሮ ወባ የለም ተብሎ እያለ «ለጥንቃቄ» የወባ መድኃኒት መዋጥ ማዞሩን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ምክንያቱም ኮአርተም ራሱ ማዞርን ከተለመዱት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ አድርጎ ይዞ ይመጣል። ኩዊኒንም የወሰደ ሰው ያውቀዋል፤ ጆሮ ይጮኻል፣ ራስ ይዞራል።

ወባው ካልሆነ ተራው የደም ግፊት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ደፍሬ ልናገር፦ በአገራችን የደም ግፊት ላልሠራው ጥፋት ከሚከሰሱ በሽታዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም፤ አደገኛነቱም እዚያው ላይ ነው። ሰውን ከተቀመጠበት ሲነሳ የሚያዞረው ይልቁንም የግፊቱ ድንገት መውረድ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ሐሩር ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው፣ ተቅማጥ የያዘው፣ ደም ያነሳት ነፍሰ ጡር፣ የግፊት መድኃኒት የበዛበት አዛውንት የሚያዞራቸው እንዲህ ነው። እነዚህን ውኃና ኦአርኤስ፣ የብረት ክኒን፣ ወይም የመድኃኒት መጠን ማስተካከል ያግዛቸዋል።

ከዚያ ግሉኮስ ይመጣል። «ግሉኮስ ይሰካልኝና ይሻለኛል» የማይል ማን አለ? ለእኚህ እናት ግሉኮስ ምንም አያደርግላቸውም። በተሰካላቸው ማግስት ተሽሏቸው ቢነሱ እንኳ የተሻላቸው በራሱ ጊዜ ነው። ይህ ሕመም እየመጣ የሚሄድ ነውና ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ቀን የተገኘው መድኃኒት ይሆናል።

[አጭር ሙዚቃ]

ታዲያ ምን ሆነው ነው?

የጆሯችን ሥራ መስማት ብቻ አይደለም። ከሚሰማው ክፍል ጎን፣ በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ፣ ሚዛናችንን የሚጠብቅ ትንሽ አካል አለ። ሦስት ግማሽ ክብ የሆኑ ቀጫጭን ቦዮች አሉት፤ ውስጣቸው ፈሳሽ ነው። ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያንን መቅረት የሚለኩ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ለአንጎል ይናገራሉ፤ አንጎልም በቅጽበት ዓይናችንን በተቃራኒው አቅጣጫ ያንቀሳቅሳል። ባሮ ዳር 20 ሊትር ጀሪካን በራሷ ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣ ሴት፣ እየተራመደች የጓደኛዋን ፊት ሳይንቀጠቀጥባት የምታየው በዚህ ሥራ ነው።

ከቦዮቹ አጠገብ ደግሞ የስበት አቅጣጫን የሚለይ ከረጢት አለ። ከረጢቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች ተለጥፈው ይኖራሉ። በዕድሜ ምክንያት፣ ራስ ላይ በደረሰ ምት፣ አንዳንዴም ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ከመዋል በኋላ ጠጠሮቹ ከቦታቸው ይላቀቁና ከሦስቱ ቦዮች ወደ አንዱ ይገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋለኛው ቦይ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው በተገላበጠ ቁጥር ጠጠሮቹ ይንከባለላሉ፤ ፈሳሹን ይገፋሉ፤ ራስ ከቆመ በኋላም አንጎል «አሁንም እየዞርን ነው» የሚል የሐሰት ወሬ ይደርሰዋል። ጠጠሮቹ ታች ደርሰው ሲያርፉ ወሬው ይቆማል። ለዚህ ነው ከአንድ ደቂቃ የማያልፈው። ለዚህም ነው ክኒን የማይፈታው፤ ጠጠርን ከቦይ የሚያወጣ ክኒን የለም።

ሊያወጣ የሚችለው ምንድን ነው? አንገቷ የጠመመ የወተት ቅል ውስጥ ጠጠር ቢገባ በኃይል መወዝወዝ አያወጣውም። ቅሏን ቀስ እያልን፣ በየጥምዘዛው ላይ እየጠበቅን፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ስናዞራት ጠጠሩ ራሱ ተንከባሎ ይወጣል። ሕክምናው ይኸው ነው፤ የሚዞረው ራስ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ይህን የደረሰበት ጆን ኤፕሊ የተባለ፣ በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ይሠራ የነበረ የጆሮ ሐኪም ነው። ዘዴውን በፈረንጆቹ 1980 ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያሳይ አልተቀበሉትም። ራስን በማዞር ማዞርን ማዳን ቀልድ መሰላቸው። ጽሑፉ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው በ1992 ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የዚህ ሕመም የመጀመሪያ ሕክምና ሆኗል፤ ከ10 ሰዎች 8ቱ ገደማ በአንድ ወይም በጥቂት ዙር ይድናሉ። ለእኔ የሚገርመኝ መዳኑ ብቻ አይደለም። ሕክምናው መብራት አይጠይቅም፣ ማሽን አይጠይቅም፣ ማቀዝቀዣ አይጠይቅም። ክረምት ገብቶ ባሮ ሜዳውን ሲሞላና መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒት በጀልባ ካልሆነ በማይደርስበት ቦታ፣ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ሕክምና ማግኘት ያስቸግራል።

ከኤፕሊ በፊት መንገዱን የጠረገ ሌላ ሰው ነበረ። ሮበርት ባራኒ ይባላል፤ የቪየና ሐኪም ነበር። የታካሚዎችን ጆሮ በውኃ ሲያጥብ ያዞራቸዋል፤ ዓይናቸውም ይርገበገባል። ውኃው ቀዝቃዛ ሲሆን ዓይን ወደ አንድ ወገን፣ ሙቅ ሲሆን ወደ ሌላው ወገን እንደሚሄድ አስተዋለ። ነገሩ ያለው ከውኃው ሙቀት ላይ ነው፤ ቅዝቃዜው በቦዩ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ያንቀሳቅሰዋል። በዚህ ምርምሩ የ1914ን የኖቤል ሽልማት አገኘ። ዜናው ሲደርስ እሱ በሩሲያ የጦር እስረኛ ነበር፤ በስዊድኑ ልዑል ካርልና በቀይ መስቀል አማላጅነት በ1916 ተፈትቶ ነው ሽልማቱን የተቀበለው።

የባራኒ ግኝት ለማታር ልጆች ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ጆሮው መግል የሚፈሰው፣ የጆሮ ታምቡሩ የተቀደደ ልጅ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ ቀዝቃዛው ውኃ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይዘልቅና ድንገት ያዞረዋል። ውኃ ውስጥ ሆኖ የዞረው ሰው ላይና ታችን አይለይም። ወላጆች ሆይ፣ ጆሮው የሚፈስ ልጅ ታክሞ እስኪድን ድረስ ከዋና ይከልከል። የባሮን አዞ እንፈራለን፤ የተቀደደ ታምቡርም ያንኑ ያህል ሊፈራ ይገባዋል። በነገራችን ላይ መግል በሚፈሰው ጆሮ ላይ ማዞር ከተጨመረ ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጠኛው ጆሮ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ዘዴውን ልግለጽላችሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ብቻችሁን አትሞክሩት፤ የጤና ባለሙያ ያድርግላችሁ። እኔ የምገልጸው ስታዩት እንዳትደነግጡ፣ እንዲሁም ይህን የሚሰማ የጤና መኮንን ወይም ነርስ ካለ እንዲያስታውሰው ነው።

ባለሙያው በቅድሚያ የትኛው ጆሮ እንደሆነ ያጣራል። ታካሚዋን አልጋ ላይ እግሯን አስዘርግቶ ያስቀምጣታል። ፊቷን በከፊል ወደ ቀኝ፣ ማለትም በአፍንጫ ፊት ለፊትና በቀኝ ትከሻ መካከል፣ ያዞራል። ከዚያ ራሷን ደግፎ ፈጠን ብሎ በጀርባዋ ያስተኛታል፤ ራሷ ከአልጋው ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። ጥቂት ሴኮንድ ይቆይና ማዞሩ ይመጣል። ዓይኗን አትጨፍን፤ ባለሙያው የሚያየው ዓይኗን ነው። ዓይኖቿ እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ከተርገበገቡ ሕመሙ በቀኝ ጆሮ ነው። በቀኝ ካልመጣ በግራ ይሞከራል። ይህ ምርመራ በ1952 ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሃልፓይክ የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪሞች የገለጹት ነው፤ ዛሬም አልተሻረም። ለምርመራው የራስ ራጅ፣ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ አያስፈልግም። ለዚህ ብቻ ብሎ ወደ ትልቅ ከተማ ተጉዞ ገንዘቡን የሚጨርስ ሰው ያሳዝነኛል።

ቀኝ ጆሮ ነው እንበል። ሕክምናው ከዚያው ከተኛችበት ይቀጥላል። ማዞሩ እስኪያቆም ይጠበቃል፤ ካቆመ በኋላም ወደ 30 ሴኮንድ። ከዚያ ራሷ ከተንጋለለበት ሳይነሳ ፊቷ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይዞራል፤ አሁን በከፊል ወደ ግራ ትከሻዋ ትመለከታለች። እንደገና 30 ሴኮንድ። ቀጥሎ ሰውነቷ በሙሉ በግራ ጎኗ ይገለበጣል፤ ራሷም አብሮ ይዞርና አፍንጫዋ ወደ መሬት ያመለክታል። እዚህ ላይ ማዞሩ ትንሽ ሊመለስ ይችላል፤ መልካም ምልክት ነው፤ ጠጠሮቹ መንገዳቸውን ይዘዋል ማለት ነው። ሌላ 30 ሴኮንድ። በመጨረሻ እግሯን አውርዳ፣ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ፣ ተደግፋ ቀስ ብላ ትነሳለች። ለጥቂት ደቂቃ ሳትቆም ተቀምጣ ትቆይ። ሲያስፈልግ ይደገማል። ለግራ ጆሮ ሁሉም ነገር በተቃራኒው ነው።

አልጋ በሌለበት ምንጣፍ ላይ ይቻላል። ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ከትከሻዋ ሥር ብታደርጉት ራሷ እንደሚፈለገው ወደ ኋላ ያዘነብላል። ለሁለት ቀን ያህል ትንሽ የመንሳፈፍ ስሜት ሊተርፍ ይችላል፤ ያልፋል። ቁጭ ብሎ የመተኛት፣ አንገትን አስሮ የመዋል አስገዳጅነት የለም፤ ዱሮ ይታዘዝ ነበር፤ ጥቅሙ ትንሽ ሆኖ ስለተገኘ ቀርቷል። ሕመሙ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በርካቶች ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሲመለስ ያው ዘዴ ይሠራል።

አንገቱ የተጎዳ፣ የአንገት አጥንቱ ሕመም ያለበት፣ የዓይን ሬቲናው የተላቀቀ፣ ወይም በቅርቡ ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ይህ አይደረግለትም፤ ሌላ ለስለስ ያለ አማራጭ አለ። እዚህ ላይ ስለ ወጌሻም አንድ ቃል። ስብራትና ወለምታን በማሸት ስም ያተረፉ ወጌሾች አሉ፤ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ማዞርን «አንገት በመስበር» አድናለሁ የሚል ሲመጣ ሽሹ። አንገትን በድንገት ማጠማዘዝ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊቀድ ይችላል። የኤፕሊ ዘዴ አንገትን አይሰነጥቅም፤ ድምፅ የሚያሰማ ነገር የለበትም።

[አጭር ሙዚቃ]

እስካሁን ያወራነው ስለ ጠጠሮቹ ነው። ሁለተኛው የፊዚዮቴራፒ ሥራ ከዚህ ይለያል፤ የሚመለከተውም የሚዛን አካላቸው በእርግጥ የተጎዳባቸውን ሰዎች ነው።

አንዳንዱን ሰው ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ የሚዛኑ ነርቭ በአንድ ወገን ያብጥበታል። ቀናት ሙሉ ያለማቋረጥ ያዞረዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ ማዞሩ ቀንሶ መንገዳገዱ ይቀራል። ሌላው ራሱ ላይ ተመትቶ ነው፤ ከሞተር ሳይክል ወድቆ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ተጋጭቶ። ሌላው ደግሞ በመድኃኒት ነው። ጄንታማይሲን የሚባለው መርፌ ሕይወት ያድናል፤ ብዙ ጊዜ ወይም በብዛት ሲሰጥ ግን በሁለቱም ወገን ያለውን የሚዛን አካል ሊያበላሽ ይችላል። ቀደም ባሉት ዘመናት ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው የስትሬፕቶማይሲን መርፌም እንዲሁ። በዚህ የተጎዳ ሰው ዓለም አይሽከረከርበትም። ሲራመድ ግን የሚያየው ነገር ሁሉ ይዘላል፤ ሲመሽ ደግሞ መቆም ያቅተዋል፤ ሚዛኑን ይዞለት የነበረው ዓይኑ ነበርና። ሲጨልም መብራት በሌለበት ሰፈር፣ ጭቃ ላይ፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወጣ አዛውንት ለምን እንደሚወድቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሐኪም ያዘዘላችሁን መርፌ ግን ይህን ሰምታችሁ አታቋርጡ፤ መራመድ አስቸገረኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ ብላችሁ ወዲያው ንገሩት።

የሞተው የሚዛን ሕዋስ አይበቅልም። አንጎል ግን ይማራል። ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ከጋምቤላ ማታር ድረስ በሞተር ጀልባ የመጣ ሰው ምድር ላይ ከወረደ በኋላ መሬቱ ለጥቂት ጊዜ ይወዛወዝበታል። አንጎሉ ለማዕበሉ ተለማምዶ ስለነበረ ነው፤ ጥቂት ሰዓት ሲራመድ እንደገና ለደረቁ መሬት ይለማመዳል። የተጎዳ ሚዛን ያለው ሰው አንጎሉም እንዲሁ አዲሱን ሁኔታ ሊለማመድ ይችላል፤ ግን ሳይንቀሳቀስ አይማርም። አንጎል የሚታረመው ስሕተቱን ሲያይ ነው፤ ስሕተቱን የሚያየው ደግሞ ራስ ሲንቀሳቀስ ነው።

ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪሞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ራሳቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክሙ ይህን አዩ። የተኙት ሳይሆን ተነስተው የሚንቀሳቀሱት ቶሎ ይድናሉ። በ1940ዎቹ ያወጡት የስፖርት ቅደም ተከተል ዛሬ ለምንሠራው መነሻ ነው። ስለዚህ ማዞር የያዘውን ዘመድ «ተኛ፣ አትነሳ፣ ጎረቤት ይሥራልህ» እያልን የምናደርግለት እንክብካቤ፣ ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት በኋላ፣ መዳኑን ያዘገየዋል። ፍቅራችን ይጎዳዋል ስላችሁ ቅር አይበላችሁ።

መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። ስቱጌሮን የሚባለው ሲናሪዚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዳያዜፓም፣ እነዚህ በከባዱ ማዞርና ማስመለስ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ያግዛሉ። ከዚያ በኋላ አንጎልን ያደነዝዙታል፤ መማሩን ያቆማል። ፋርማሲ እየሄዱ ለወራት ስቱጌሮን የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ መድኃኒቱን ካልወሰድኩ ያዞረኛል ይላሉ። ከሚያዞራቸው ምክንያት አንዱ እሱ ሊሆን እንደሚችል የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።

ቤት ውስጥ የሚሠሩትን ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ። አንዱ የዓይን ነው። ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ ፊደል ጻፉ፤ «ሀ» ይሁን። ክንድ በሚያህል ርቀት ፊት ለፊቱ ቁሙ ወይም ተቀመጡ። ዓይናችሁን ከፊደሉ ሳትነቅሉ ራሳችሁን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አንቀሳቅሱ፤ ፊደሉ ሳይደበዝዝ እስከምታዩት ፍጥነት ድረስ። ለአንድ ደቂቃ። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ለአንድ ደቂቃ። ሁለቱንም እየደጋገማችሁ በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ፣ በድምሩ ከ12 ደቂቃ ያላነሰ። ትንሽ ሊያዞራችሁ ይገባል። ምንም ካላዞራችሁ ፍጥነቱ አንሷል፤ ሰዓታት የሚቆይ ማዞር ካስከተለ በዝቷል።

ሌላው የመቆም ነው። ሁለት ግድግዳ በሚገናኝበት ማዕዘን ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ፤ ብትንገዳገዱ ግድግዳው ይይዛችኋል። እግራችሁን አጋጥሙ። ሲለመድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ያም ሲለመድ ፍራሽ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ቁሙ። ሰው ከአጠገባችሁ ይሁን። ከዚያ መራመድ ነው፤ በደረቅ መሬት፣ ራስን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞሩ፣ ሰላም የሚላችሁን ሰው እያያችሁ። በወንዝ ዳርና በታንኳ ላይ አይሁን። እሳት ዳርም አይሁን። ለሳምንታት በየቀኑ ነው፤ ሦስት ቀን ሠርቶ ለውጥ የለም ማለት አይቻልም።

እነዚህን መልመጃዎች ከእያንዳንዱ ሰው ጋር የሚያስተካክለው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ያሠለጥናል። ከዚህ አካባቢ የሚላክ ታካሚ መንገዱ በጤና ጣቢያ በኩል ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል፣ ከባድ ከሆነም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። የጠጠሩ ሕመም ግን ያን ሁሉ መንገድ አይጠይቅም። አንድ ቀን የሠለጠነ ነርስ ማታር ላይ ሊሠራው ይችላል፤ ጤና ጣቢያዎቻችን ይህን ለባለሙያዎቻቸው ቢያሠለጥኑ ወጪው የአሠልጣኙ የጀልባ ትኬት ያህል ነው።

አሁን ደግሞ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልግበትን ልናገር። ማዞሩ ድንገት መጥቶ አብሮት አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ የራስ ምታት ከመጣ፣ ሰውዬው ተደግፎም መቆም ካቃተው፣ ይህ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ከያዘው፣ አንድ ጆሮው በድንገት መስማት ካቆመ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለ፣ ነፍሰ ጡሯ ደም ከፈሰሳት ወይም ከማዞሩ ጋር ራሷን አጥብቆ ካመማትና ዓይኗ ከፈዘዘ፣ ጀልባም ሆነ ቃሬዛ ፈልጉ፤ ሌሊት ቢሆንም አይደር። ለእነዚህ ራስን ማገላበጥም፣ ስፖርትም፣ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ማሽተትም ጊዜ ማባከን ነው።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ያዞረኛል» ብላችሁ አታቁሙ። ምን ሳደርግ ነው የሚመጣው? ስገላበጥ ነው፣ ስነሳ ነው ወይስ ዝም ብዬ ተቀምጬ? ሲመጣ ሴኮንዶች ይቆያል፣ ሰዓታት ወይስ ቀናት? ጆሮዬ ላይ ምን አለ? ምን መድኃኒት እየወሰድኩ ነው? የመድኃኒቱን ልጣጭ ይዛችሁ ሂዱ። እነዚህን አራት ነገሮች አጥርቶ የነገረ ታካሚ ለሐኪሙ ከብዙ ማሽን የበለጠ ነግሮታል። ስገላበጥ ነው፣ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም ካላችሁት ደግሞ፣ ከአልጋ ላይ አስተኝቶ ራሳችሁን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞረ ዓይናችሁን ሊያይ ይገባዋል። ካላደረገው በትሕትና ጠይቁት።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]